ዘይቱን የሚመረምረው ሰይድ

ፍራፍሬ ሲሰጡት ከመብላቱ በፊት የሚመረምር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አለኝ፤ ሰይድ ይባላል፤ ሐይቅ ከተማ አብረን ያደግን ጓደኛዬ። የምግብ ሳይንስ ተመራማሪ ከሆነ ወዲህ ዝም ብሎ መብላት ከየት ይምጣ!

አምና ለእረፍት መጥቶ የእናቱን ዘይቱን እየከተፈ ያፈላል፣ ቴርሞሜትር ይነክርበታል። እናቱ እትዬ ዘሀራ ብቅ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ዘይቱኑን ትኩሳት ያዘው እንዴ?»

«አይ እማ፣ ሳይበላሽ ወራት እንዲቆይ ነው።»

«እኛ ቤት ዘይቱን ቆይቶ ያውቃል? ወላሂ፣ ልጆች ሳላችሁ ሳይበስል ነበር የምትጨርሱት!»

እኔ ሳቅሁ፤ ሰይድ ግን አልሳቀም። እህቱ ዘይነባ ለሥራ ጅዳ ከሄደች ወዲህ አገሯን አላየችም። በደወለች ቁጥር የግቢያቸው ዘይቱን አማረኝ ትላለች፤ በሰው እጅ ቢልኩላት ደግሞ መንገድ ላይ ይበሰብሳል። ለካ ያ ሁሉ ምርምር ለእሷ ኖሯል!

ከዘይቱኑ ያፈላውን ማርማላታ በጠርሙስ አሽጎ፣ ወደዚያው በሚሄድ ሰው ላከላት። እንደደረሳት ደወለች፤ ሁላችንም ስልኩን ከበብን። ተመራማሪያችን ውጤት እንደሚጠብቅ ተፈታኝ አላበው።

«ጣዕሙስ? ቀለሙስ አልተለወጠም?»



«ሰይዶ» አለች ዘይነባ፣ «ስቀምሰው ግቢያችን ያለሁ መሰለኝ። አሁን ዛፉ ላይ የሚወጣ ልጅ አለ?»

ማንም አልነበረም። ሰይድ ስልኩን ለእኔ አቀበለኝና ጫማውን አወለቀ።

«ኧረ አንተ ሰው፣ ትወድቃለህ!» ብለው እትዬ ዘሀራ ሲጮሁ፣ ዘይነባ ጅዳ ሆና በሳቅ ፈነዳች።