ሥጋን የሚተካው ጄሊ

ከሉማሜ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ከተማ የሥርዓተ ምግብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የሆኑት አቶ መሳፍንት፣ ሕዝባቸው ሳይጠግብ እህል የማይቀምሱ ሰው ነበሩ፤ ሥልጠና ላይ ካልሆኑ በቀር።

ለሕዝባቸው መድኃኒት ያገኙትም ሥልጠና ላይ ነው። አዲስ አበባ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ፣ ስለ ሕፃናት መቀንጨር ሲመከር ውሎ ከምሳ በኋላ በብርጭቆ የቆመ ቀይ ነገር ቀረበላቸው። ማንኪያ ሲነካው ይንቀጠቀጣል። አስተናጋጇ ጄሊ እንደሚባል፣ ዱቄቱ በሙቅ ውሃ ተበጥብጦ ሲቀዘቅዝ እንደሚረጋ ነገረቻቸው። አቶ መሳፍንት ማንኪያቸውን እንደያዙ በሐሳብ ተዋጡ። ውሃን እንዲህ ቀጥ አድርጎ ያቆመ ምግብ ሰውን ቢያቆም ምን ይገርማል?

እንደተመለሱ ለእናቶች የእንቁላልና የወተት ሠርቶ ማሳያ የተያዘውን በጀት ወደ ጄሊ አዞሩት። ከማርቆስ ሱቆች ዱቄቱ በካርቶን ተጭኖ መጣ። የጽሕፈት ቤቱ የምግብ ባለሙያ ሂዊ ማሸጊያውን አገላብጣ አነበበችና ቢሯቸው ገባች። አብዛኛው ስኳርና ቀለም እንደሆነ፣ የሚያረጋው ነገር ከከብት ቆዳና አጥንት እንደሚወጣ፣ ያም ቢሆን ለልጅ የእንቁላልን ያህል እንደማይሆን በትሕትና አስረዳቻቸው።

«ፕሮቲን አለው ወይስ የለውም?» አሉ አቶ መሳፍንት።

«ትንሽ አለው፤ ግን…»

«‹ግን› ሪፖርት ላይ አይገባም፣ ሂዊ።»

የማስተዋወቂያው በዓል ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ከቅዳሴ በኋላ ተደረገ። ከሲታ ልጆቻቸውን ያዘሉ እናቶች እንቁላል ይታደላል ብለው መጥተው ነበር፤ የታደላቸው ግን ጄሊ ነው። አንሙት የሚባል ገበሬ ብርጭቆውን ነካ ነካ አድርጎ፣ ይህ ፍጥረት ምን አስፈርቶት ነው እንዲህ የሚንቀጠቀጠው ሲል ጎረቤቱን ጠየቀ። ውሃና ስኳር ነው ተብሎ ስለተነገረ ጿሚው ሁሉ ቀመሰ። የአቶ መሳፍንት የንስሐ አባት መምሬ ወልደ ሚካኤልማ ሁለተኛ ብርጭቆ አስጨምረዋል።

በዚህ መካከል አቶ መሳፍንት ድምፅ ማጉያውን ተቀበሉ።

«ክቡራትና ክቡራን፣ በእጃችሁ የያዛችሁት ተራ ጣፋጭ አይደለም። የበሬ ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የተገኘ ፕሮቲን ነው። ከእንግዲህ በማኅበረሰባችን ዘንድ ሥጋን፣ እንቁላልንና ወተትን ይተካል!»

ቆም ብለው ጭብጨባውን ጠበቁ። አልመጣም። የመምሬ ማንኪያ አፋቸው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ።

«የበሬ ነው ያልኸው?»

«አዎ አባቴ፣ ንጹሕ የበሬ» አሉ አቶ መሳፍንት፣ አሁንም በኩራት።

መምሬ ብርጭቆውን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አኖሩ። ሕዝቡም ተከትሎ አኖረ። ሜዳው በቀይ ብርጭቆ ተሞልቶ በአንድነት ተንቀጠቀጠ።

ማታውኑ መምሬ የንስሐ ልጃቸውን አስጠሩ። ሕዝቡ ሳያውቅ ስለበላ ኃጢአቱ ባበላው ሰው ላይ መሆኑን ነገሯቸው። አቶ መሳፍንት ስግደት ይታዘዝብኛል ብለው ጉልበታቸውን ሲያዘጋጁ፣ የመጣው ቀኖና ሌላ ሆነ። ከፋሲካ በኋላ ጾም የለምና አትጾምም፣ ትበላለህ አሏቸው፤ ብቻ ከፋሲካ እስከ ዳግማ ትንሣኤ የምትበላው ሥጋን የሚተካውን ነው፣ ሌላ እህል እንዳትነካ።

አቶ መሳፍንት ቀለል አላቸው። እንዲያውም የሃይማኖት አባቶች ለጄሊው ዕውቅና መስጠታቸውን ለበላይ አካል ሪፖርት አደረጉ።

ፋሲካ ደረሰ። ባለቤታቸው ጥሩነሽ ዶሮውን ለእንግዶች፣ ጄሊውን ለእሳቸው አቀረበች። የመጀመሪያውን ቀን ስለ ፕሮቲን ለእንግዶቹ ንግግር እያደረጉ ዋሉት። በማግሥቱ ንግግሩ አጠረ። ከዚያ ወዲያ እንግዳ አጥንት ሲግጥ ዓይናቸው አብሮ መጋጥ ጀመረ፤ ጥሩነሽ ብታዝንላቸውም ማድረግ የቻለችው ብርጭቆውን በትልቅ መለወጥ ብቻ ነበር። ሐሙስ ዕለት ቢሮ ሲገቡ መቃኑን ይዘው ቆሙ። ሂዊ ወንበር አቀረበችላቸው።

ከቢሮ በቀጥታ መምሬ ቤት ሄዱ። መምሬ ቅልጥም ፊታቸው አድርገው ተቀምጠዋል።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ» አሉ አቶ መሳፍንት፣ ደጃፉን ተደግፈው። «ይህ ነገር ለሰው አይሆንም። ስኳርና ቀለም ነው።»

«ማን ነው እንዲህ ያለ?»

«ባለሙያዋ። ቀድማም ነግራኝ ነበር።»

«ጽሕፈት ቤቱስ ምን ይላል?»

አቶ መሳፍንት ቅልጥሙን አዩ፤ የበላይ አካልንም አሰቡ።

«ጽሕፈት ቤቱማ… ሥጋን ይተካል ነው የሚል።»

መምሬ ከልባቸው አዘኑላቸው።

«እንግዲህ ልጄ፣ እኔ ተራ የደብር ቄስ ነኝ፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ምን አጣላኝ? ሂድና ብላ።»