ሳይከፈት የታወቀው ኮምፒውተር

(መቱ፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት። ባለቤቷ እትዬ ኡርጌ ባንኮኒው ኋላ ተቀምጠዋል። ወጣቱ የኮምፒውተር ባለሙያ መክብብ አንድ ያልበራ ኮምፒውተር ፊት ቆሟል። ባንኮኒው ላይ «ሁሩሙ» የሚል ምልክት የታሰረበት ቁልፍ ተቀምጧል።)

መክብብ፦ አይከፈትም አልኩ እኮ፣ እትዬ ኡርጌ!

እትዬ ኡርጌ፦ ሜ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ክዳኑን ብታነሳው ምን ትሆናለህ?

መክብብ፦ የሚያውቅ ሰው ክዳን አያነሳም። ክዳን እያነሱ ማየት የድስት ሥራ ነው።

እትዬ ኡርጌ፦ ሳይከፈት አዲሱ ፕሮሰሰር በየት በኩል ይገባል?

መክብብ፦ (በረጅሙ ተንፍሶ) ለመግጠም ይከፈታል፤ ለማወቅ አይከፈትም! ልዩነቱ ይገባዎታል?

እትዬ ኡርጌ፦ አልገባኝም።

መክብብ፦ ጠርጥሬ ነበር። እንግዲህ ይስሙኝ፤ «ይህን ኮምፒውተር ያፈጠነልኝ ሁሩሙ ከተማ የምከፍተውን አዲስ ሱቅ ይመራል» ብለዋል። ብለዋል ወይስ አላሉም?

እትዬ ኡርጌ፦ ብያለሁ።

መክብብ፦ (ከኪሱ ትንሽ እሽግ አውጥቶ) ይኸው ማፍጠኛው! ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት።

እትዬ ኡርጌ፦ ይቺ ብስኩት የምታክለው?

መክብብ፦ ብስኩት! የኮምፒውተሩን አንጎል ብስኩት አሉት!

እትዬ ኡርጌ፦ አንጎል ከሆነ፣ የሚገባበትን ራስ ሳታይ ነው የገዛኸው?

መክብብ፦ ፕሮሰሰር የሚመረጠው በትውልድ ነው። ይህ አራተኛ ትውልድ ነው።

እትዬ ኡርጌ፦ አያቱን ታውቃቸዋለህ?

መክብብ፦ (ወደ ጣሪያው) ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ የምመልሰው ጥያቄ ይህ ሆነ! እትዬ፣ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሰሌዳ ማዘርቦርድ ይባላል። አራተኛው ትውልድ አራተኛውን በሚቀበል ማዘርቦርድ ላይ እንጂ በሦስተኛው ላይ አይቀመጥም።

እትዬ ኡርጌ፦ የእኔው አራተኛውን እንደሚቀበል ማን ነገረህ?

መክብብ፦ የኮምፒውተሩ ሳጥን! ፊቱ ላይ የተለጠፈውን ያንብቡ እንጂ፤ «አራተኛ ትውልድ» ይላል። ፊደል ቆጥረዋል አይደል?

እትዬ ኡርጌ፦ ሁሩሙ ቡና መጋዘን ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ። ጆንያው ላይ «የታጠበ» ተብሎ ሲመጣ እንኳ ጎኑን ወግተን ከመሃሉ ናሙና ሳናወጣ አንረከብም ነበር። ስንቱ ውስጡ ያልታጠበ ጀንፈል ሆኖ ተገኝቷል መሰለህ!

መክብብ፦ ኮምፒውተር ቡና አይደለም!

እትዬ ኡርጌ፦ ዲንቃ ግን ሲበራ ስክሪኑ ላይ የማዘርቦርዱ ስም ይታያል አለችኝ። ባይከፈት እንኳ አብራው።

መክብብ፦ ዲንቃ? ከኖፓ የመጣችው ዲንቃ? ከክፍላችን አርባ ተማሪ ሠላሳ ስምንተኛ የወጣችው? እባክዎ ከእሷ ጋር አያነጻጽሩኝ!

እትዬ ኡርጌ፦ ኤዬ፣ እሺ አላነጻጽርም። በል ካቻቢቴው ያውና።

(መክብብ ሳጥኑን ይፈታል። ውስጡን ልብ ሳይል የነበረውን ፕሮሰሰር ያወጣል። የራሱን ያስቀምጣል። ያዞረዋል። እንደገና ያዞረዋል።)

እትዬ ኡርጌ፦ ገባ?

መክብብ፦ መቀመጫው፣ ሶኬቱ... ትንሽ ግትር ነው።

እትዬ ኡርጌ፦ እንዳትጫነው!

መክብብ፦ (ላብ እያጠመቀው) ይህ የሦስተኛ ትውልድ ሶኬት ነው! ሳጥኑ ዋሽቷል!

እትዬ ኡርጌ፦ ሳጥኑ መቼ ተናገረ? አምና ያዮ ከተማ ላይ ከተቃጠለብን ኮምፒውተር የተረፈ ባዶ ሳጥን ነው። ሆዱን ከሌላ አምጥተን ከተትንበት።

መክብብ፦ ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?

እትዬ ኡርጌ፦ ክዳኑን አንሳ ስልህ ምን እያልኩህ ነበር? በል ያወጣሃትን ቀስ ብለህ መልሳት፤ ዲንቃ ትናንት የገጠመቻት ናት።

መክብብ፦ ትናንት?

እትዬ ኡርጌ፦ ሰኞ መጣች፤ ሰላም አለችኝ፣ ካቻቢቴ ጠየቀችኝ፣ ከፍታ አይታ ቁጥሩን ጽፋ ሄደች። ትናንት ልኩ የሆነ ፕሮሰሰር ይዛ መጣች። ብታበራው እኮ እንደ ንፋስ ነው የሚሄደው።

መክብብ፦ ያለቀ ሥራ ላይ ነው እንግዲህ ያስለፈለፉኝ?

እትዬ ኡርጌ፦ ሱቁ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ከፍተህ ብታይ ኖሮ «ይህ ተሠርቷል» ትለኝ ነበር፤ እኔም «ከዲንቃ ጋር ትሠራለህ» እልህ ነበር።

መክብብ፦ (ቁልፉን ለቀም አድርጎ) በፍጹም! ቁልፉ ገና እዚህ ነው! «ሁሩሙ» ይላል፣ ያንብቡ!

እትዬ ኡርጌ፦ ምልክቱ ከድሮው የቡና መጋዘን የተረፈ ነው። የሁሩሙን ሱቅ ቁልፍ ዲንቃ ይዛ ሄዳለች፤ ይኼ የጓሮው መጸዳጃ ቤት ቁልፍ ነው። ካልፈለግህ አስቀምጠው፣ ደንበኛ ይጠይቀኛል።