ክቡር መራጭ እና ከገደል የወደቀችው ፈዋሽ

አራት ሰው ተሰብስቦ አንድ ነገር ሊጀምር ሲል ከአራቱ አንዱ መራጭ መሆኑ አይቀርም። ታውቁታላችሁ። ጫማ ቤት ገብቶ ሻጩን ወደ መጋዘን ሲያመላልስ ይውልና በመጨረሻ አድርጎት የመጣውን አሮጌ ጫማ ቁልቁል አይቶ "ምንም አልሆነም እኮ" ብሎ ይወጣል። ባዶ አውቶቡስ ውስጥ መቀመጫ ሲያማርጥ አውቶቡሱ ይሞላበትና ቆሞ ይሄዳል። ሐብሐብ ሲገዛ እያንኳኳ፣ ጆሮውን ለጥፎ የሚያዳምጠውን ያህል ሐኪም በሽተኛውን አያዳምጥም። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤተሰብ አለ ከተባለ፣ መራጩ ራሱ አባወራው ስለሆነ ደፍሮ የተናገረ የለም ማለት ነው።

የዚህ ታሪክ መራጭ፣ ክቡር መራጭ እንበላቸው፣ የመነጽር ባለሙያ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሰው አስቀምጠው፣ ዓይኑ ላይ ሌንስ እየቀያየሩ "ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄኛው?" ሲሉ ይውላሉ። ደንበኛው ካመነታ ቅር ይላቸዋል። "ሰው እንዴት የገዛ ዓይኑን አያውቅም?" ይላሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተራው የራሳቸው ሲሆን ግን መልስ የሚባል ነገር ከአፋቸው አይወጣም።

ቅዳሜ አራት ሆነው ለጨዋታ የሚሰበሰቡት የውሃ መሥሪያ ቤት ፕላን ነዳፊ በሆነች ሴት ሳሎን ነው። ጨዋታው ለማያውቀው ሰው እንዲህ ነው፤ አንዱ ተረት ይፈጥራል፣ ሌሎቹ በተረቱ ውስጥ የሚኖር ሰው ይሆናሉ። "በሩን እሰብራለሁ" ይላል አንዱ። ቁጥር የተጻፈበት ዳይስ ይወረወራል፤ ወይ በሩ ይሰበራል ወይ የሰውዬው ትከሻ። ተረቱን የምትፈጥረው ፕላን ነዳፊዋ ናት። ሳምንቱን የቧንቧ መስመር ስትነድፍ ትከርምና ቅዳሜ ደግሞ በባለ ካሬ ወረቀት ላይ ዋሻና ገደል ትነድፋለች። ማን የት እንደቆመ እንዲታወቅ፣ ካሬዎቹ ላይ አውራ ጣት የሚያክሉ ትንንሽ ምስሎች ይደረደራሉ፤ ባለ ጎራዴው እዚህ፣ ቀስተኛው እዚያ፣ ጭራቁ ከበስተኋላ።

ምስሎቹን የሚመርጡት ክቡር መራጭ ናቸው። ሹመቱን ማንም አልሰጣቸውም። ሳጥኑ የሳቸው ነው፣ በቃ። ድሮ መነጽር ይቀመጥበት የነበረ ባለ ብዙ መሳቢያ ሳጥን ነው፤ እያንዳንዱ ምስል መነጽር በሚወለወልበት ለስላሳ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ከመሳቢያው የሚያወጧቸውም ሕፃን እንደሚቀሰቅስ ሰው በቀስታ እየፈቱ ነው።

"ሦስት ሽፍቶች ከጫካው ወጡ" ትላለች ፕላን ነዳፊዋ፣ ድምጿን አወፍራ።

"ምን ዓይነት ሽፍቶች?" ይላሉ ክቡር መራጭ።

"ሽፍታ ነዋ ጋሼ። ክፉ ሽፍታ።"

"ክፋቱንስ ተቀበልኩ። የጠገበ ነው የራበው? የራበው ሽፍታ ይሄን የመሰለ ቦርጭ ተሸክሞ አይቆምም።"

ምስሉ ወደ ጨርቁ ይመለሳል። ሌላው ይወጣል። እሱ ደግሞ ጫማው በጣም አዲስ ነው። የፕላን ነዳፊዋ ታናሽ ወንድም የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኳ "ጋሼ፣ ሽፍቶቹ እኮ እስካሁን ሌላ ሰው ዘርፈው ቤታቸው ገብተዋል" ይላል። ክቡር መራጭ አይሰሙትም። ከደረት ኪሳቸው ማጉያ አውጥተው የምስር ፍሬ በምታክል ፊት ላይ አቀርቅረዋል።

የራሳቸው ጀግና የመጣ ጊዜማ አይነሣ። "ባለፈው ሳምንት ከወንድሙ ጋር ተጣልቷል" ይላሉ፣ በሐዘን። "ይሄ ምስል ደግሞ ፈገግ ይላል። ሰው ምን ይለናል?" አንድ ቀን ድንጋይ አስመርጠዋል። ተራ ድንጋይ፤ ጀግኖቹ የሚደበቁበት። ሾፌሩ ከደጅ ጠጠር አንሥቶ ቢያቀርብላቸው አገላብጠው አይተው መለሱለት። "ይሄ የወንዝ ድንጋይ ነው ልጄ። እኛ ያለነው ተራራ ላይ ነው።"

ከሁሉ ትዕግሥቷ ያለቀው አራተኛዋ ተጫዋች፣ አዋላጇ ነች።

"ሲስተር፣ አንቺ እንኳን ምጥ ስትጠብቂ የምታድሪ ሰው" ይሏታል ክቡር መራጭ፣ ስትቸኩልባቸው።

"ምጥ መጨረሻው ይታወቃል ጋሼ።"

ይህች አዋላጅ በጨዋታው ውስጥ ፈዋሽ ናት፤ ቅጠል የሞላ ከረጢት ያነገተች ቀጭን ሴት። ዋርድ ውስጥ ሁሉ ነገር በእጇ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ እዚህ ግን ፈዋሿ የነካችው ሰው ሁሉ ድኖላታል። ታዲያ ነገሩ ቀልድ እንዳይሆን ብላ የቤቱን ደንብ ያወጣችው ራሷ ነበረች። የሞተ ሞቷል። ልመና የለም፣ እንደገና መወርወር የለም። "ካልሞቱበት ማዳን ምኑ ነው?" ብላ ሁሉንም አስማማች።

አንድ ቅዳሜ፣ ክቡር መራጭ ለአንዲት ፍየል ተስማሚ ቀንድ ሲያፈላልጉ መሽቶ ጨዋታው ሳይጀመር ተበተነ። አዋላጇ ፕላን ነዳፊዋን በር ላይ ያዘቻት። "ጋሼን እወዳቸዋለሁ" አለች። "ግን ከሥራ ተርፋ የምትደርሰኝ አንዲት ከሰዓት ናት። ወይ ሳጥኑን ለሌላ ሰው ይስጡ፣ ወይ እኔ ከዚህ በኋላ አልመጣም።"

ፕላን ነዳፊዋ ሳምንቱን ሙሉ ንግግር ስታጠና ከረመች። "ጋሼ፣ እንዳይከፋዎት እንጂ" ብላ ትጀምርና እዚያው ላይ ትቆማለች። እንዳይከፋቸው አድርጎ ይህን መናገር የሚችል አንደበት ገና አልተፈጠረም። ቅዳሜ ሲደርስ ስልኳ ጮኸ። ክቡር መራጭ ናቸው። አንድ ደንበኛ ይዟቸዋል፤ ሌንስ መምረጥ አቅቶታል፤ አይደርሱም፤ ያለሳቸው ይጀምሩ።

ስልኩን ዘግታ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። "ተመስገን" አለች፣ ጮክ ብላ።

ሳጥኑ ስለሌለ ከወጥ ቤት መሳቢያ ቆርኪ ታፈሰ። ባለ ጎራዴው ቆርኪ፣ ፈዋሿ ቆርኪ፣ ጭራቁ ቆርኪ። ጨዋታው ወዲያው ተጀመረ። ተረቱ እንደ ውሃ ወረደ፤ ዋሻው ታለፈ፣ ድልድዩ ተሰበረ፣ ውጊያው ገደል አፋፍ ላይ ተፋፋመ። ሾፌሩ ተነሥቶ ቆመ።

"ይሄን አፋፉ ላይ ያለውን" አለ፣ ቆርኪውን በጣቱ እየነካ፣ "በሙሉ ኃይሌ እገፋዋለሁ።"

ዳይሱ ከዚህ የበለጠ ሊወጣለት አይችልም ነበር። ፕላን ነዳፊዋ አወዳደቁን አሳምራ ተረከችው፤ ድንጋዩ ተንዶ፣ ጩኸቱ ከታች አስተጋብቶ፣ ከዚያ ጸጥታ። ቆርኪውንም በጣቷ ፈንጥራ ከጠረጴዛው ጣለችው።

"እሱ እኮ እኔ ነኝ" አለች አዋላጇ፣ ቀስ ብላ።

ሾፌሩ ቆርኪውን ሊያነሣ ጎንበስ አለ። "ጭራቁ መስሎኝ ነው። በናትሽ ሲስተር፣ አንድ ዓይነት እኮ ናቸው።"

"አውቃለሁ።" ጃኬቷን አነሣች። "ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የሞተ ሞቷል።"

አልተቆጣችም፤ ያስፈራውም እሱ ነው። ፕላን ነዳፊዋ ይህች ሴት በዚያ በር ከወጣች ተመልሳ እንደማትገባ አወቀች። የራሷን ትረካ ልሰርዝ እንዳትል ደግሞ፣ የተናገረውን የሚሰርዝ ተራኪ ከዚያ ወዲያ ማን ያምነዋል? ምን እንደምትል ሳታውቅ ስልኩን አንሥታ ደወለች፤ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የሆነውን እየተንተባተበች ነገረቻቸው።



"የወደቀው ምንድን ነው?" አሉ ክቡር መራጭ።

"ፈዋሿ፣ ጋሼ።"

"እሱን አልጠየቅኩም። ከገደሉ የወደቀው ዕቃ ምንድን ነው?"

"ቆርኪ።"

"ቆርኪ" አሉ፣ ቃሉ ጥርሳቸው ላይ እንደጎመዘዛቸው። "ፈዋሿ እኮ እኔ ጋ ናት። ክንዷ ላልቶ አጣብቄላት ሱቁ መስኮት ላይ ተኝታለች። ሙጫው ገና አልደረቀም። በዚህ ሁኔታ ማን ገደል ሂጂ አላት?"

"ቆርኪውስ ታዲያ ማነው?" አለ ሾፌሩ።

"እኔ ምን አውቄ። እኔ አልመረጥኩት።"

አዋላጇ አንድ እጇን ጃኬቱ ውስጥ እንዳስገባች ቆማ ነበር። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ፕላን ነዳፊዋ ለቅሶ መስሏት ደነገጠች። ሳቅ ነበር። ሾፌሩ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ትንፋሹን ለቀቀ፤ ጎማው እንደተነፈሰ አውቶቡስ።

"ሙጫው መቼ ይደርቃል ጋሼ?" አለች አዋላጇ፣ እጇን ከጃኬቱ እያወጣች።

"ይዣት እመጣለሁ። ሰውዬውን ሌላ ቀን ና ብዬዋለሁ።"

እያለከለኩ ደረሱ፤ ሳጥኑ በብብታቸው ነው። ከጨርቁ ፈትተው ፈዋሿን አቆሟት። ክንዷ በጥርስ መጎርጎሪያ ስባሪና በክር ታስሯል። አዋላጇ ማጉያውን ተቀብላ አገላበጠቻት። "በደንብ ታስሯል" አለች። እሷ ይህን ለሁሉም ሰው አትልም፤ ክቡር መራጭም ስለገባቸው ጆሯቸው ድረስ ቀሉ።

ከዚያ ጭራቅ ሊመርጡ ተቀመጡ። አንዱን አወጡ፣ መብራት ላይ አዩት፣ መለሱት።

"ይሄኛው ትንሽ አዝኗል።"

ሾፌሩ ሊናገር አፉን ሲከፍት አዋላጇ በክርኗ ወጋችው። "ዝም በል አንተ" አለችው፣ ወንበሯንም ወደ ሳጥኑ አስጠጋች። "ጋሼ፣ እስቲ ያኛውን ያዙሩት። በጎኑ ልየው።"

ፕላን ነዳፊዋ ሳምንቱን ሙሉ ያጠናችውን ንግግር ፈልጋ አጣችው፤ በማጣቷም እንዲህ ደስ ያላት ነገር አታስታውስም። መሸ። ጭራቁ አልተመረጠም። ፈዋሿ በሕይወት አለች።