የሬስሊንግ ወዳጅ ሽማግሌ ሆኖ ሲላክ

ሰው በሚወደው ነገር ሲቀለድበት ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ አብሮ ይስቃል፣ ወይ ይከራከራል። እኔ አብሮ መሳቁን ከተውኩት ቆይቻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ በቴሌቪዥን ሬስሊንግ ለማየት እቀመጣለሁ፤ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ይህን የማያውቅ ደንበኛ የለኝም። ሱሪ ለማሳጠር የመጣ ሁሉ ታዲያ አንዲት ነገር ጣል ሳያደርግ አይወጣም። «ይሄ እኮ ተነጋግረው የሚያደርጉት ነው። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ያለቀ ነው!»

ቢያልቅስ? እናንተ ሠርግ ስትጠሩ ሙሽራው ማንን እንደሚያገባ ሳታውቁ ነው የምትሄዱት?

አንዱ ራሰ በራ ግዙፍ ተፋላሚ ከመድረኩ ገመድ ላይ ዘሎ ሲወርድ፣ የሚወድቅበትን እሱ ቢያውቀውም ወገቡ አያውቀውም። የዳኛውን ነገርማ ተዉት። ዳኛው ጀርባውን ባዞረ ቁጥር ለመማቻ ወንበር መነሳቱ ለኛ አገር ሰው ምኑ እንግዳ ነው? ስለዚህ አቋሜን ልንገራችሁ፤ እስክሞት አልለውጠውም። ሬስሊንግ የከበረ ሙያ ነው። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፤ ነገሩን አምኖ መናደድ ያለበት ተመልካቹ እንጂ ተፋላሚው አይደለም። ይህን ደንብ ያፈረስኩት ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ።

ወንድሜ ሲሞት ልጁን በላይነህን እኔ አሳደግሁት። ዘንድሮ ማንኩሳ የምታስተምር ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው፤ እናቷም ወደደችው። አባቷ አቶ ጥሩነህ እዚያው ማንኩሳ ገበሬ ናቸው፤ በሰው በኩል እንዲህ ብለው ላኩብኝ፦ «ሽማግሌ ሆነው ይምጡ። እኔ ግን በወጉ ሁለት ጊዜ እምቢ እላለሁ፤ በሦስተኛው እሰጣለሁ።» እውነታቸውን ነው። በኛ አገር አንድያ ልጁን በመጀመሪያው ጥያቄ የሚሰጥ አባት፣ ልጁን የጠላ ይመስላል።

የደብራችንን መሪጌታ አድማሱን አስቀድሜ፣ አንድ እሑድ ጋቢያችንን ደርበን ሄድን። «ተቀመጡ» አሉን። «ቃላችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልን። እንደቆምን ጠየቅን። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ድርሻችንን አሳምረናል።

አቶ ጥሩነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ ገና ናት» አሉ፤ መልካም። «ዝምድና እንዳይኖረን ሰባት ቤት ይቆጠር» አሉ፤ ይህም መልካም። ቀጥለው ግን ወደ እኔ ዞሩና፣ «ደግሞስ ቅዳሜ ቅዳሜ በቴሌቪዥን ሰው ሲደባደብ እያየ የሚያጨበጭብ ሰው ያሳደገው ልጅ፣ ልጄን ምን አድርጎ ሊያኖራት ነው?» አይሉም!

ደሜ ፈላ። ከዘራዬን አነሳሁና፣ «እንግዲያው ልጅዎን ታቅፈው ይኑሩ!» ብዬ ወጣሁ።

መሪጌታ ተከትለውኝ ወጥተው ባጃጅ ውስጥ ገቡ። ከዚያ፣ «አንተ ሰው፣ እምቢ እንደሚል ራሱ ልኮብህ አልነበረም?» አሉኝ።

ቤት ስደርስ ወሬው በስልክ ቀድሞኛል። በላይነህ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። «ጋሼ፣ እኔ አባት የለኝም። እርስዎ ካልጠየቁልኝ ማን ይጠይቅልኛል?» አለኝ። በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ሳር ቤቱን እንዳቃጠለ ልጅ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ግን ቆረጥኩ። አሥር ጊዜ ቢያባርሩኝ ለአሥራ አንደኛ ጊዜ እሄዳለሁ፤ ይቺን ልጅ ሳልጠይቅለት አልሞትም አልኩ። በሳምንቱ እሑድ መሪጌታን ለምኜ ተመለስኩና ግቢው መሃል ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ አቶ ጥሩነህ። «ያን ቀን የተናገርኩት ከልቤ መሰለዎት?»

«መስሎኝ ነበር።»

«ከልቤ? ሙሉ በሙሉ?»

«ሙሉ በሙሉ።»

ደስ ሲላቸው አየሁ፤ ፈገግታቸውን መያዝ አቅቷቸው ነበር። ወዲያው ግን ፊታቸውን አጨፈገጉና፣ «ልጄን አልሰጥም!» አሉኝ። ሁለተኛው እምቢታ መሆኑ ነው። ጥርሴን ነክሼ፣ እጅ ነስቼ ወጣሁ።

ሦስተኛው እሑድ መጣ። ጠላው ተጠምቋል፤ ዘመድ ተሰብስቧል፤ ምን እንደሚባል ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። «ልጅዎን ለልጃችን» አልን፣ እንደቆምን። አቶ ጥሩነህ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉት። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና አቃታቸው።

«ይናገሩ እንጂ፤ ሰዎቹ ቆመዋል» አሉ ባለቤታቸው ቀስ ብለው።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ወርዶ ነበር። መሪጌታ ወደ መሬት አዩ። እኛም ተቀመጥን።

እኔም ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባች ሴት ልጅ አለችኝ። የሰው ነገር አይታወቅም፣ ነገ ሽማግሌ ይላክብኝ ይሆናልና፣ ከማንኩሳ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ለብቻዬ መለማመድ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን እምቢታ አሳመርኩት። ሁለተኛውንም ፊቴን አጨፍግጌ ተወጣሁት። ሦስተኛው፣ «እሺ» የሚባልበት ላይ ስደርስ ነጂው ዞር ብሎ አየኝና ባጃጁን ዳር አስይዞ፣ «አባባ፣ አሞዎታል እንዴ?» አለኝ።