ችግር የለም ባዩ አርክቴክት

በዓለም ላይ ካሉ አደገኛ ሰዎች ሁሉ የከፋው "ችግር የለም" የሚለው ነው። ሌባ ቢመጣ በር ይዘጋበታል፤ ዝናብ ቢመጣ ይጠለሉታል። ችግር የለም ባይ ግን ፈገግ ብሎ ገብቶ፣ ትከሻዎን መታ መታ አድርጎ፣ ጣሪያውን በላይዎ ላይ ጥሎ ይወጣል።

የእነዚህ ሰዎች አለቃ የአንድ ትንሽ የአርክቴክቶች ቢሮ መሥራች ነበሩ። ሠራተኞቹ ዞር ሲሉ "ክቡር ችግር የለም" ይሏቸዋል፤ ፊት ለፊት ጋሼ ናቸው። ሸሪካቸው የወንድማቸው ልጅ ናት። እሷም አርክቴክት ናት፤ ግን ሳይፈረም ውሃ የማትጠጣ ዓይነት። እሳቸው በአፋቸው የፈቱትን እሷ በጥርሷ ስትቋጥር ዓመታት አለፉ።

ቤት አሠሪው "ይቺ ምሰሶ መኪና ማቆሚያውን አጠበበችብኝ" ቢል፣ ጋሼ መሃንዲሱን ሳይጠይቁ "ችግር የለም፣ እናነሳታለን" ይላሉ። ኮንትራክተሩ ደረጃውን አጣሞ ቢሠራ "ችግር የለም፣ እንዲያውም አማረ።" ጎረቤት በመስኮት አያችሁኝ ብሎ ሊከስ ቢነሳ "ችግር የለም፣ አኩርፎ ነው፣ እኔ አናግረዋለሁ።" ይሄዳሉ፣ ያናግራሉ፤ መስኮቱን ሊደፍኑለት፣ በዚያው አጥሩንም ሊያሳምሩለት ቃል ገብተው ይመለሳሉ። ስልኩን የምታነሳው፣ ይቅርታ የምትጠይቀው፣ ጠበቃ ፊት የምትቀመጠው እሷ ናት።

"ጋሼ፣ አፍዎን ይጠብቁ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም" ትላቸዋለች።

"የኔ ራስ እንደሁ ተመልጦ አልቋል" ይላሉ፣ መላጣቸውን እየዳበሱ።

አንድ ሰርግ ላይ፣ የድሮ ወዳጃቸው የሆነ ባለ መድኃኒት ቤት ከጎናቸው ተቀመጠና ከቤቱ ጀርባ ያለውን ቁልቁለት ደልድሎ ግቢውን ሊያሰፋ እንደሚፈልግ አጫወታቸው። ጋሼ ቦታውን ሳያዩ፣ አፈሩ ሳይመረመር፣ በእጅ መጥረጊያ ወረቀት ላይ የድጋፍ ግንብ ነደፉለት። "በዚህ አሠራ፣ ችግር የለም።" ውል የለ፣ ክፍያ የለ። ሰውየውም ግንበኛ ጠርቶ አሠራ። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሲደጋገም ግንቡ ሆዱ ተነፋ።

የባለ መድኃኒት ቤቱ ሚስት ቢሮ ደውላ "አፈሩ ተሰንጥቋል፣ ከሥር ደግሞ ተከራይ አለ" ስትል፣ የወንድማቸው ልጅ እንዲህ ያለ ግንብ መኖሩን የሰማችው ገና በዚያች ደቂቃ ነው። እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ጠበቃቸው ጋ ደወለች።

"ውል የለም፣ ክፍያ የለም፣ ስለዚህ ግንቡ የእናንተ አይደለም" አለ ጠበቃው። "ማዘጋጃ ቤት ንገሩና አርፋችሁ ተቀመጡ። ከእናንተ አንድ ሰው እዚያ ከሄደ አመነ ማለት ነው። የሙያ ፈቃዱ ይነጠቃል፤ ኢንሹራንሱም ፊቱን ያዞራል።"

ማዘጋጃ ቤት ደወለች፤ ሰው እንልካለን አሏት፣ ነገ። የጠበቃውን ቃልም ሳትጨምር ሳትቀንስ ለጋሼ ነገረቻቸው። ጋሼ ያን ቀን ችግር የለም አላሉም።

"ከሥር ያለው ተከራይ ማን ነው?"

"ልብስ ሰፊ ነው አሉ፤ ከነቤተሰቡ።"

ኮፍያቸውን አነሱ።

"ጋሼ፣ ከሄዱ ቢሮው ያበቃለታል። የኔም ኑሮ ነው።"

"ልክ ነሽ" ብለው ወጡ። ልክ ነሽ መባሏ ይበልጥ አንጨረጨራት። መኪና መንዳት አይችሉም፤ በዚያ ዝናብ በእግራቸው ሊሄዱ ነው። ቁልፏን መንጭቃ ተከተለቻቸውና መንገዱን ሙሉ ጮኸችባቸው። "ሰዎቹን ያስወጡ፣ ግን ማን እንደሆኑ ትንፍሽ እንዳይሉ" ብላ ለመነቻቸው።

ልብስ ሰፊው ግን ወይ ፍንክች። የስፌት መኪናውን ጥሎ ዝናብ ውስጥ ሊወጣ አልፈለገም። "እርስዎ ማን ነዎት? ይሄ ግንብ በትልቅ አርክቴክት የተሠራ ነው ብለውናል።"

"አርክቴክቱ እኔ ነኝ" አሉ ጋሼ። "ተሳስቻለሁ። ልጆችህን አውጣ፣ ልጄ።"

ሰውየው አንዴ ፊታቸውን አየና ልጆቹን አቅፎ፣ ሚስቱን ይዞ ወጣ። የወንድማቸው ልጅ ተናዳ የመኪናዋን ጎማ በእርግጫ መታች። ሁሉም መንገዱን ተሻግረው ሳይቆዩ ግንቡ ወረደ፤ የልብስ ሰፊውንም መኝታ ቤት ይዞት ሄደ።

ከዚያ በኋላ ጠበቃው ያለው ሁሉ አንድም ሳይቀር ደረሰ። ኢንሹራንሱ ፊቱን አዞረ፤ የድሮ ወዳጅ ከሳሽ ሆነ፤ ጋሼ የሙያ ፈቃድ ጉባኤ ፊት ቀረቡ። እሷም በምስክርነት ተጠራች። ጠበቃው በር ላይ ጎተት አድርጎ "ሳላውቅ ሄዱ በይ፤ ቢያንስ ያንቺ ፈቃድ ይትረፍ" አላት። ልክ ነበር። እንዲህ ልክ የሆነ ምክር ተሰጥቷት አያውቅም።

ሰብሳቢዋ ጠየቀቻት፤ "ከቢሯችሁ ወደ ቦታው የሄደው ማን ነው?"

ዞር ብላ አጎቷን አየቻቸው። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጉባኤተኞቹን ቤታቸው እንደመጣ እንግዳ ፈገግ ብለው ይመለከታሉ። ልታንቃቸው ፈለገች።

"ሁለታችንም" አለች። "የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ዛሬም ቢሆን እወስዳቸዋለሁ።"

ጠበቃው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ጉባኤው እሷን በማስጠንቀቂያ አለፋት፤ የጋሼን ፈቃድ ግን ወሰደ።

ደረጃው ላይ ጋሼ ክንዷን ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉ።

"አያናግሩኝ።"

"መቼ ተናገርኩ?"

"እንዳይናገሩ።"

ክንዷን ግን ሰጠቻቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ቆም እያለች፣ ጥርሷን እንደነከሰች፣ ቀስ ብላ አወረደቻቸው።