የቀርፋፋ ላፕቶፕ ገበያ

ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ኮምፒውተር እንዲገዛ ሊፈቀድለት አይገባም! ምን ማለትህ ነው ትሉኝ ይሆናል… ታገሱኝ። የማያውቅ ሰው ሱቅ ይገባል፣ ቀለሙ ደስ ያለውን ያነሳል፣ ይከፍላል፣ ይወጣል። የሚያውቅ ሰው ግን አፉን ይከፍታል። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው።

እኔ ዳንግላ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ላፕቶፔ በቅርቡ ጸጥ አለ፤ ቢሉት ቢሠሩት አልነሳም አለ። ስለዚህ ፈተናዬን ፎቶ ኮፒ ቤት ማስጻፍ ጀመርኩ። ፎቶ ኮፒ ቤት ደግሞ ማን ይሰለፋል? ተማሪ! የምትጽፍልኝ ልጅ ጮክ ብላ፣ "መምህር፣ ቁጥር አምስት መልሱ ሐ ነው ያሉኝ?" ስትል ከኋላዬ ሰልፉ በሙሉ እስክሪብቶ አወጣ። በዚያ ፈተና ክፍሉ እንዳለ ደፈነ። ርዕሰ መምህሩ "እንዲህ ነው ማስተማር!" ብለው እጄን ሲጨብጡኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አሁን ደግሞ የማጠቃለያው ፈተና እየደረሰ ነው። ላፕቶፕ ካላገኘሁ መምህርነቴ አለቀለት።

የአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ጠየቅሁ። ባለሱቁ ሲነግረኝ የሱቁን ዋጋ የነገረኝ መስሎኝ ነበር። ግን እኔ የሊኑክስ ሰው ነኝ፤ አልደነገጥኩም። ሊኑክስ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ማንም በነፃ ወስዶ የሚጭነው፣ የሚያሻሽለው፣ ለጎረቤቱም የሚያካፍለው የኮምፒውተር ሲስተም ነው። ያረጀ ማሽን አይንቅም። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ይህን ስሰብክ ዓመታት ቆጥሬያለሁ፤ ባልደረቦቼ ሻያቸውን ይዘው ሲሸሹኝ በር ድረስ እከተላቸዋለሁ። ስለዚህ የምፈልገው ቀርፋፋ ላፕቶፕ ነው፤ ባለቤቱ የተማረረበት፣ በርካሽ የሚገላገለው።

እንጅባራ ከተማ ውስጥ ይበልጣል የሚባል፣ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ ልጅ እንዲህ ያለውን እንደሚሸጥ ሰማሁ። ልነሳ ስል ባለቤቴ፣ "ብቻህን አትሄድም፤ አያ ቢተው አብረውህ ይሂዱ" አለችኝ። አያ ቢተው አጎቷ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፈረስ ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩ።

"ኧረ እሳቸው ስለ ላፕቶፕ ምን ያውቃሉ?"

"ስለ ሻጭ ያውቃሉ።"

ሚኒባስ ውስጥ አያ ቢተው መመሪያ ሰጡኝ። "ስማኝ መምህር። ፈረሱ ቢያምርህም ፊትህን አጥቁር። መልካም ቃል እንዳታመልጥህ! እንከን እንከኑን ብቻ ተናገር። ስትስማማ ክፈል፣ ልጓሙን ያዝ፣ ውጣ። መጋለቡን አገርህ ገብተህ ትጋልባለህ።"

"ላፕቶፕ እኮ ነው አያ።"

"ልጓም የለውም?"

"ቻርጀር አለው።"

"ቻርጀሩን ያዝ።"

ይበልጣል በተከራያት ክፍል ተቀበለን። ላፕቶፑን ሳይ ልቤ ዘለለ። ወፍራም፣ ጥቁር፣ ጥግ ጥጉ የተፋቀ… የቢሮ ላፕቶፕ! ወገኖቼ፣ ለሊኑክስ ስትመርጡ የሚያብለጨልጨውን ተዉት፤ ቢሮ ያገለገለ፣ ራም የሚጨመርለት፣ ቢወድቅ ወለሉ የሚጎዳ ፈልጉ። እንደታዘዝኩት ፊቴን አጠቆርኩ።

አያ ቢተው ክዳኑን ከፍተው ፊደላቸው የጠፋ የኪቦርድ ቁልፎችን ትኩር ብለው አዩ። "ጥርሱ አልቋል" አሉ። ገልብጠው ሆዱን ዳበሱት። ፋኑ ሲጮህ ጆሯቸውን ደገኑ። "ያለከልካል። ሳንባውን ታሟል።"

"ኧረ አያ፣ ማቀዝቀዣው ነው…" አለ ይበልጣል።

"እና ለምን ትሸጠዋለህ?"

"ቀርፋፋ ነው፤ አልዋሽዎትም። አብርቼው ሄጄ፣ ሽሮ ሠርቼ፣ በልቼ ስመለስ ገና እየተነሳ ነው።"

ከዚያ በኋላ ዋጋው ወረደ፣ ወረደ… አያ ቢተውማ "ይህን ተሸክመን ለመሄድ እኛ ነን መከፈል ያለብን" እስከማለት ደረሱ። ተስማማን። እጄ ኪሴ ገባ።

ከፍዬ፣ ቻርጀሩን ይዤ ብወጣ ምን ነበረበት? ግን ዋይፋዩ ከሊኑክስ ጋር መስማማቱን ሳላይ እንዴት ልክፈል? ስንቱ በዋይፋይ ተቃጥሏል! "አንድ ጊዜ" አልኩና ፍላሼን ሰካሁ። ሊኑክስ ሳይጫንም ከፍላሽ ላይ ይነሳል።

ተነሳ። ያውም እንዴት ያለ መነሳት! ሽሮው ቀርቶ ሽንኩርቱ ሳይከተፍ ተነሳ። ዋይፋዩ ያዘ፣ ድምፁ ሠራ፣ የነካሁት ሁሉ ወዲያው ይከፈታል። አያ ቢተው ፊቴ ሲበራ አዩና በአገውኛ ሹክ አሉኝ። የአገው ልጅ አግብቼ ይህን ያህል ስኖር ከሰላምታ አላለፍኩም፤ አልገባኝም። የገባው ይበልጣል ነው!

"'ዝም በል፣ እንዳታደንቀው' እያሉዎት ነው፣ መምህር" ብሎ ተረጎመልኝ።

ዝም አልኩ? የት አባቴ! ስንት ዓመት ሰሚ ያጣ ሰባኪ ምእመን አግኝቶ ዝም ይላል? "አየህ ይበልጣል፣ ማሽንህ ምንም አልሆነም! ጤነኛ ነው! ራም ብትጨምርለት ደግሞ ገና ብዙ ዓመት ያገለግልሃል!"

"ይሄ… የእኔው ላፕቶፕ ነው?"

"ያንተው ነዋ!"

"ፕሮግራሙስ ስንት ነው?"

"በነፃ!" አልኩ፣ በኩራት።

ይበልጣል ላፕቶፑን ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ ሳበው። "ታዲያ ለምን እሸጠዋለሁ?"

አያ ቢተው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ። "ስንት ገበያ ዋልኩ" አሉ፣ "የሰው ፈረስ ገርቶ ለባለቤቱ የሚመልስ ገዥ ግን ዛሬ ገና አየሁ።"

በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ይበልጣል "ጫኑልኝ" ብሎ ለመነኝ። ጫንኩለት! ምን ላድርግ፣ ያን ሁሉ ዘመን የሰበክሁትን እንጅባራ ላይ ልካደው? ፍላሹንም ለጓደኞቹ እንዲያሳይበት ተውኩለት። ቤት ስገባ ባለቤቴ ባዶ እጄን አይታ "ላፕቶፑስ?" አለች።

"በጣም ጥሩ ሆኖ ተገኘ" አልኳት።

"እኔ የለሁበትም" አሉ አያ ቢተው ከበሩ ላይ።

በሳምንቱ ስልኬ ጠራ። ይበልጣል ነው። "መምህር፣ ውለታዎን ልመልስ ብዬ ነበር። እህቴ ላፕቶፗ ቀርፋፋ ሆነብኝ ብላ ልትሸጠው ነበር።"

"እግዜር ይስጥህ! አሁኑኑ እመጣለሁ!"

"አይ፣ እንዳይለፉ ብዬ ነው የደወልኩት። የማይሆን ነገር እንዳላስገዛዎት ብዬ አስቀድሜ በፍላሽዎ አስነሳሁት…"

"እሺ?"

"አልሸጥም አለች።"

ያጠለቅሁትን ጫማ መልሼ አወለቅሁ።

"ግን አያስቡ! ጥሊሊ ከተማ አንድ ጓደኛ አለኝ፤ የሱ ከሁሉም የባሰ ነው አሉ። ነገ ፍላሹን ይዤ ሄጄ…"

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። ፈተናው ደርሷል። እኔ፣ ያ የማካፈል ሰባኪ፣ ስልኩን በሁለት እጄ ጨብጬ ጮህኩ፦

"ይበልጣል፣ በማርያም ይዤሃለሁ! እኔ እስክገዛው ድረስ ለማንም እንዳታሳይ!"