ሽማግሌ ይዤ ቤዝ ጊታር ልመልስ ሞጣ የሄድኩ ዕለት

ዛሬ ሞጣ ላይ፣ ሰው በሞላው ሱቅ ውስጥ፣ በስድሳ ሦስት ዓመቴ የደረሰብኝን ውርደት ሌላ ሰው አጣፍጦ ከሚነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ።

ወድጄ እንዳይመስላችሁ። ተፈርዶብኝ ነው!

ለማታውቁኝ፣ አስካለ እባላለሁ። ቢቸና ውስጥ ሠላሳ ዓመት ታይፒስት ሆኜ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። በዚህ ገጽ ላይ ስለ ራሴ ጽፌ አላውቅም። የምጽፈው ስለ ሌሎች ነው። ስለ ራስ መጻፍ ለጠላት ሥራ ማቅለል ይመስለኛል።

ዛሬ ግን ላቅልላቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአያሌው ነው። በእኔ ሕይወት ውስጥ ያለ መጥፎ ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከአያሌው ነው።

አያሌው በደርግ ጊዜ የከተማችን የኪነት ቡድን ኃላፊ ነበር። እኔ ክራር እመታ ነበር። አንድ ቀን ለቡድኑ ቤዝ ጊታር መጣ። ድምፁ በጆሮ ሳይሆን በእግር ነበር የሚገባው! ልምምድ ሳይጀመር ቀድሜ ገባሁና አነሣሁት። ገና አንዴ ዱም ከማድረጌ አያሌው በር ላይ ቆሞ፣

«አስካለ፣ አስቀምጪው! ያንቺ እጅ ለዚህ አይሆንም!»

ከኋላው ያሉት ሁሉ ሳቁ። አስቀምጬው ወጣሁ። በዚያው ከኪነቱም ወጣሁ።

ይቺን አንድ ንግግር አርባ ዓመት ይዣት ኖሬያለሁ። ሴት ስለሆንኩ ነው ብዬ ነው የያዝኳት። ሰርግ ላይም ሆነ ለቅሶ ቤት አያሌውን ካገኘሁት ሰላምታዬን ግማሽ አድርጌ ነው የምሰጠው።

ዘንድሮ ደግሞ የከተማችን ጡረተኞች ሰርግ ላይ የሚጫወት ባንድ አቋቋሙ። ኃላፊው ማን ይመስላችኋል?

አዎ።

ማሲንቆ አለ፣ ክራር አለ፣ ከበሮ አለ፣ ኪቦርድ አለ። ቤዝ የለም። አያሌውም በስብሰባ መሀል «ቤዝ ይዞ የመጣ ሰው ቤዙን ይጫወታል» ብሎ አወጀ። ማንም እንደማያመጣ ያውቃል። ካልተገኘ ደግሞ ኪቦርድ የሚጫወተው የአጎቱ ልጅ በግራ እጁ ይሸፍነዋል ተባለ። ነገሩ ሁሉ በቤተሰብ ያለቀ ነው!

እኔ ምንም ሳልናገር ወጣሁ። ዝም ስል ፍሩኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ቀን፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሞጣ ሄድኩ። እዚያ ለሰርግ ስፒከር የምታከራይ፣ ያገለገሉ የሙዚቃ መሣሪያዎችም የምትሸጥ ሰብለ የምትባል ወጣት አለች።

ሳልዘጋጅ እንዳይመስላችሁ። ሳምንቱን ሙሉ ቪዲዮ ሳይ ነው የሰነበትኩት። ክሩ አራት ይበቃል፤ አምስተኛው ለቢቸና ሰርግ ትርፍ ነው። አንገቱ ቀጥ ያለ ይሁን። መቃኛው አይሸራተት። ከክሩ ሥር ድምፅ የሚይዙት ፒክአፖች ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ትዝታ ሲዘፈን ለስለስ እንዲል፣ ሌላው ሰው እስክስታ ሲወርድ ደረት እንዲመታ። ክብደቱን የጡረተኛ ትከሻ ይቻለው። ዋጋውንም የጡረተኛ ቦርሳ!

ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፌ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት። ለምን ደበቅሽው አትሉኝም? የማያውቅ ሰው መስሎ መታየት አልወድም። ጥያቄ መጠየቅም አልወድም።

«ለማን ነው እማማ?» አለችኝ ሰብለ።

«ለወንድሜ ልጅ።»

ወንድም የለኝም!

ሦስት ቤዝ አሳየችኝ። የመጀመሪያው ባለ አምስት ክር አብረቅራቂ ነው፤ አንገቱ ከመስፋቱ የተነሣ ጣቴ ዳር አይደርስም። ሁለተኛው ቀላል ነው፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ከጫፉ ሳየው ግን አንገቱ ጎብጧል። ሁለቱም ሳቅፋቸው አልመች አሉኝ፤ የድምፅ ማስተካከያ ቁልፎቻቸው ከላይ ወጥተው ክንዴን ይወጉኛል። ምን ዓይነት ሰው ነው የሠራቸው አልኩ በሆዴ።

ሦስተኛው ግድግዳ ላይ ለብቻው የተሰቀለ ቡናማ ነው። አራት ክር። ሁለት ፒክአፕ። ቀጥ ያለ አንገት። ሳነሣው እቅፌ ውስጥ ገብቶ ተኛ!

መብራት ጠፍቶ ስለነበር ስፒከር ላይ መሞከር አልተቻለም። መንጋጋዬን እንጨቱ ላይ አስደግፌ መታሁት። ዱምምም! እስከ ጥርሴ ሥር ገባ። ዋጋውን ስጠይቅ ደግሞ ከሦስቱም ርካሽ እሱ ሆኖ አረፈው።

«እማማ፣ ይሄ እንኳ ለማንም ሰው...»

«ወድጄዋለሁ አልኩሽ እኮ!»

«ማለቴ፣ የልጁ እጅ...»

«የልጁን እጅ ተይልኝና ጠቅልይው!»

ጠቀለለችው። ልጅቷ ሁለቴ ሞክራለች። ይህ ይመዝገብላት።

ሦስት ሳምንት በር ዘግቼ ተለማመድኩ። ቪዲዮው ላይ የሚያስተምረው ልጅ ፊት ለፊቴ ነው የሚቀመጠው። የእሱ ቤዝ አንገት ወደዚያ፣ የእኔም ወደዚያ። እንደ መስታወት! እንዴት ያለ ጎበዝ አስተማሪ ነው፣ ከእኔ ጋር እኩል ነው የሚሄደው እያልኩ አምስት ዘፈን ያዝኩ።

ሐሙስ ዕለት ልምምዱ ቦታ ይዤው ገባሁ። የአያሌውን ፊት ብታዩት! አርባ ዓመት የጠበቅኩት ፊት ነው።

ግን ፊቱ ብዙም አልቆየልኝም።

«አምጪው እስቲ ልቃኘው» ብሎ አንገቱ ላይ አጠለቀው። አየው። አገላብጦ አየው።

«ምንድነው ይሄ? ወፍራሙ ክር ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ! ቁልፉ ሰማይ ወጥቷል! አስካለ፣ ጉድ ሠርተውሻል። የተበላሸ ነው የሸጡልሽ!»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ያ የድሮው ሳቅ ሊመጣ ሲል ታወቀኝና ቀደምኩት።

«አውቄያለሁ! ልመልሰው ነው!»

ምኑንም አላወቅኩም ነበር። ሦስት ሳምንት በተበላሸ ዕቃ የተበላሸ ነገር ስማር ከረምኩ ማለት ነው!

«አይዞሽ» አለ አያሌው፤ አይዞሽ ሲል እንዴት እንደምጠላው! «የእሁዱን ሰርግ በኪቦርድ ግራ እጅ እንሸፍነዋለን።»

ቤቴ ስገባ ነጠላዬን እንኳ አላወለቅኩም። ያያችሁትን ፖስት ጻፍኩ። «ሞጣና አካባቢው ያላችሁ ወገኖች ተጠንቀቁ! ዕቃ ገልብጣ የምትሸጥ አጭበርባሪ አለች!» የሱቁንም ቦታ ምልክቱን ሰጥቼ ተናገርኩ። ሼር በሼር ሆነ። ልብ፣ ጭብጨባ፣ «እናታችን እውነት ብለዋል»! ሆዴ ቅቤ ጠጣ።

ዛሬ ቅዳሜ ደግሞ ገንዘቤን ላስመልስ ተነሣሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ብቻውን ሄዶ ይጨቃጨቃል። እኔ በሥርዓት ነው የምጣላው። ሁለት ሽማግሌ ያዝኩ። አንዱ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ምትኩ ናቸው። ሌላው ስንቱን ደብተራ ቅኔ ያስተማሩ መሪጌታ ፈንታ።

«የተበላሸ ዕቃ ተሸጦልኝ ነው» ብቻ ነው ያልኳቸው።

ደብረ ወርቅ ስንደርስ መሪጌታ በእግራቸው መሀል የቆመውን የቤዙን ረጅም ጥቁር ሻንጣ ነካ አድርገው፣ «ለመሆኑ ምኑ ነው የተበላሸው?» አሉኝ።

«ውስጡ» አልኩ።

ሱቁ ውስጥ ሰው ሞልቷል። ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ጭራ የያዙ ሁለት ሽማግሌዎች ስፒከር ለስፒከር መሀል ሲገቡ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀ። ሰብለ ተነሥታ ጉልበታቸውን ስማ ወንበር ሰጠቻቸው። ዓይኗ አብጧል። ካየችኝ በኋላ ያለችው ነገር ይሄ ብቻ ነው፦

«እማማ፣ ከትናንት ጀምሮ ሦስት ሰርገኛ ስፒከሬን ሰርዞብኛል።»

ይገባታል አልኩ በሆዴ። ይቅር ይበለኝ፣ ያንጊዜ እንደዚያ ነበር ያልኩት።

ክሴን አሰማሁ። ክሩ ተገልብጧል፣ ቁልፉ ሰማይ ወጥቷል፣ የአያሌውን ቃል አንድም ሳላስቀር። ሰብለ ሰምታ ስትጨርስ፣

«አባቶቼ፣ አንድ ነገር ብቻ ላስቸግር። እማማ፣ እስቲ እንደሚጫወቱበት አድርገው ይያዙት» አለች።

«የምጫወተው እኔ አይደለሁም፤ የወንድሜ ልጅ ነው።»

ጋሽ ምትኩ ቀስ ብለው ዞሩ። «የቱ ወንድምሽ?»

ውይ!

ያዝኩት እንግዲህ። ምን አማራጭ አለኝ! እንደ ሁልጊዜው እቅፌ ውስጥ ገብቶ ተኛ። ወፍራሙ ክር ከላይ፣ ቀጭኑ ከታች፣ ቁልፉም በቦታው። ዛሬ መብራት ነበር። ሰብለ ገመዱን ስፒከሩ ላይ ሰካችውና «ይምቱት» አለችኝ። ትዝታውን ጀመርኩ። የሱቁ መስኮት ተርገፈገፈ። አንዲት ለሰርጓ ስፒከር ልትከራይ የመጣች የምትመስል ልጅ ስልኳን አውጥታ ትቀርጸኛለች!

«እማማ፣ ግራኝ ነዎት» አለች ሰብለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይሄ ደግሞ ለግራኝ የተሠራ ቤዝ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚገዛው ያጣው ለዚያ ነው። የረከሰውም ለዚያ ነው። ያን ቀን ልነግርዎ ስል...»

ስትነግረኝ አቋረጥኳት። አዎ። ሁለቴ።

ግራኝ! በልጅነቴ ቄስ ትምህርት ቤት በግራ እጄ ፊደል ስጠቁም ተገርፌ ተገርፌ የተውኩት ነገር እኮ ነው። በቀኝ እበላለሁ። በቀኝ እፈርማለሁ። የጎረቤቶቼ አንዳቸውም አያውቁም። እኔም ራሴ ረስቼው ነበር። ለካ ያ እጅ ሠላሳ ዓመት ታይፕ ላይ ተደብቆ ደመወዝ ሲበላ ኖሯል!

ሽማግሌዎቼ ወደ ጥግ ሄደው ተመካከሩ። የእኔ ሽማግሌዎች! ያመጣኋቸው እኔ! ተመልሰው ፈረዱብኝ።

«በአደባባይ ነው ያዋረድሻት፤ በአደባባይ ታነሻታለሽ» አሉ መሪጌታ። «የት ነው የጻፍሽው?»

«ስልኬ ላይ።»

«እዚያው ትጽፊያለሽ። እኔ ሳልሰማው እንዳይወጣ።»

እነሆ፦ ሰብለ ልጄ፣ አጥፍቻለሁ። ቤዙ ደህና ነው፤ ስፒከርሽም ደህና ነው። የተበላሸው የእኔ ጆሮ ነው። ሰርግ የሰረዛችሁ ሰዎች ተመልሳችሁ ተከራዩ፤ ዛሬ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፣ መስኮት ያንቀጠቅጣል! ያኛውን ጽሑፍ አጥፍቼዋለሁ። ያንን ሼር ለማድረግ የሮጣችሁ ሁሉ ለዚህም እንደዚያው ሩጡ። ስማችሁን ይዣለሁ።

በመልስ መንገድ ሚኒባስ ውስጥ እስከዚህ ድረስ ለመሪጌታ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰምተው፣

«አስካለ፣ ይሄ ይቅርታ ነው ወይስ የአያሌው ክስ?» አሉኝ።

«ሁለቱም ነው መሪጌታ።»

«እንግዲያው አያሌውም ይጠየቅ። ሳይሰማ አይፈረድበትም።»

ከመናኸሪያ ቀጥታ ወደ ልምምዱ ቦታ ወሰዱኝ። አያሌው ነበር፤ የአጎቱ ልጅም ነበረ። ሻንጣዬን ሳላወርድ ጠየቅኩት።

«ያኔ በኪነቱ ጊዜ፣ እጅሽ አይሆንም ያልከኝ ለምንድነው?»

አያሌው ግራ ገባው። ከዚያ ትዝ አለው።

«ገልብጠሽ ይዘሽው ነበራ! ያ ጊታር ለቀኝ እጅ ነው፤ ክሩን ፈትቼ ላዙርልሽ ልልሽ ስል በሩን በላዬ ላይ ወርውረሽው ወጣሽ!»

«በማግስቱስ ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ቆመሽ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ! አርባ ዓመት ሰላም ስልሽ ሰላምታዬን ሳልጨርስ ነው የምታልፊኝ!»

እውነቱን ይሁን አይሁን አላውቅም። አያሌው ሲዋሽም ሲምልም ፊቱ አንድ ነው። ስለዚህ እንዲህ አልኩት፦

«ይህን ያህል ካወቅህ፣ ሐሙስ ዕለት የግራኝ መሆኑ እንዴት ጠፋህ?»

«የግራኝ ተብሎ የሚሠራ ቤዝ መኖሩን የት አይቼ አስካለ!»

ሳቁበት! የኪነቱ ኃላፊ ላይ ሳቁበት! መሪጌታ እንኳ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ይህን ከይቅርታው ላይ አላወጣውም፤ ቢፈልጉ እንደገና ይፍረዱብኝ።

ከዚያ ተጫወትኩ። ከበሮው ገባ፣ ማሲንቆው ገባ። የአጎቱ ልጅ ከግራ እጁ እፎይ ብሎ በቀኙ ብቻ ተጫወተ። አያሌው መጨረሻ ላይ «እስቲ እኔም» ብሎ ተቀበለኝና ያዘው፤ ክሩ ተገለበጠበት። የአጎቱ ልጅም ሞከረ፤ እሱም አልሆነለትም።

«በቃ» አለ አያሌው፣ ሻንጣዬን ራሱ እያነሣልኝ። «ነገ ቤዙ ያንቺ ነው። ሌላ የሚይዘውም የለም።»

ቢቸና ከተማ ውስጥ ይህን ቤዝ መጫወት የምችለው እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው። ማንም አይቀማኝም!

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስም ብሎኝ ነበር፣ ቤቴ ገብቼ ቁጭ እስክል ድረስ።

ይኸውላችሁ፣ እኔ አርባ ዓመት ሙሉ የከተማው አንደኛ ቤዝ ተጫዋች ነበርኩ። ከልክለውኝ ነው እንጂ! አንድ ዘፈን ሳልጫወት፣ አንድ ስሕተት ሳልሠራ። ነገ ግን ሙሽሮቹ ሲገቡ ድንኳን ሙሉ ሰው ይሰማኛል። ከያዝኳቸው አምስት ዘፈኖች ሁለቱ ላይ ጣቴ መንገድ ይጠፋበታል። ሦስተኛው ላይም አልምልም።

እስቲ ምከሩኝ። ነገ ከተሳሳትኩ በማን ላሳብብ? አያሌው እንዳትሉኝ ብቻ፤ እሱን ዛሬ ጨርሼዋለሁ።